የእናቴ ቫይታሚን ዲ 11 ነው ተባለ፤ ደንጊ እንዳይመለስባት ክኒኑን ልስጣት?

የመጋላዋ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥቅምት ደንጊ (ትንኝ የምታስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት) ያዛት። ሲጀምራት ከዓይኗ ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታትና ወገብ የሚሰብር ቁርጥማት ነበር። ወባ መስሎን አስመረመርናት፤ ወባ አይደለም ተባለ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቃት ደስ ብሎን ነበር። በዚያው ምሽት ግን ሆዷን ቁርጥ አድርጎ ያዛት፤ ማስመለሱ አላቋርጥ አለ፤ ድዷም መድማት ጀመረ። ሆስፒታል ስናደርሳት ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) 28 ሺህ ወርዶ፣ እጅና እግሯ ቀዝቅዞ ነበር። ግሉኮስ ተሰቀለላት። ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ግፊቷን እየለኩ አደሩ። በአላህ ፈቃድ ተረፈች።

ከወጣች በኋላ ድካሙ አልለቃት ስላለ አንድ የግል ክሊኒክ ወስደናት ቫይታሚን ዲ ተመረመረች። ውጤቱ 11 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። እዚያ ያነጋገረን ባለሙያ «ይህ ባይጎድላት ኖሮ ደንጊው እንዲህ አይጥላትም ነበር» አለን። ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል። እናቴ ከቤት የምትወጣው ለገበያና ለለቅሶ ነው፤ ስትወጣም ተሸፋፍና ነው። ቢሆንም ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይጎድላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዱባይ ያለችው እህቴ ወሬውን እንደሰማች በሰው እጅ አንድ ብልቃጥ ክኒን ላከች። እያንዳንዱ ክኒን 50,000 ዩኒት ይላል። «ትንኙ እስኪጠፋ ድረስ በየቀኑ አንድ ትዋጥ፣ መከላከያዋን ያጠነክርላታል» ትላለች። ሰው ሁሉ ሁለተኛው ደንጊ ከመጀመሪያው ይብሳል ስለሚል እኔም ለመስጠት ተቃርቤያለሁ። ግን እናቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ነው። እንዳይጋጭባት ፈራሁ። ደግሞስ እውነት የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው ደም ያስፈሰሳት? የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ መልሱልኝ።

የሳቢያኑ

እህቴ፣ እናትሽን አላህ ይማርልሽ። እኔ የጀርባና የእግር አጥንት ሕመም ሲያሰቃየኝ ቆይቶ ቫይታሚን ዲ አንሷል ተብዬ 300,000 ዩኒት መርፌ ተወግቻለሁ። ሕመሙ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። በሰፈራችን ደንጊ በየቤቱ ሲገባ እኔን አልነካኝም። ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችን ነገር ስለሆነ ጉዳት ያለው አይመስለኝም። ስጫት ነው የምለው።

ሐኪም ከከዚራ

እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። የእህትሽን ክኒን በየቀኑ አትስጪያቸው። 50,000 ዩኒት እጥረቱ በምርመራ ለተረጋገጠ አዋቂ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል የሚታዘዝ መጠን ነው። አብዛኛው ጤነኛ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 600 ዩኒት ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ ሲሆን 800። በየቀኑ 50,000 ለወራት የወሰደ ሰው ደሙ ውስጥ ካልሲየም ይበዛበታል። ጥማት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ መደናገር፣ በመጨረሻም የኩላሊት ጉዳት ይመጣል። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ክኒኑ ከቆመ በኋላም ችግሩ ሳምንታት ይቆያል። መድኃኒቱ ይጋጭ ይሆን ብለሽ መፍራትሽም ትክክል ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ሁለቱ ሲደረቡ ካልሲየሙ ይበልጥ ይወጣል። በሳምንት አንዱንም ቢሆን ካልሲየማቸውና ኩላሊታቸው ሳይታይ አይጀምሩ።

ወንድማችን ከሳቢያን፣ የአጥንት ሕመምህ መሻሉ አያስገርመኝም፤ እጥረት የነበረበት ሰው ሲታከም አጥንቱና ጡንቻው ይሻለዋል። ደንጊ ያልያዘህ ግን በመርፌው ነው ማለት አይቻልም። በወረርሽኝ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ተነክሶ ሌላው ይቀራል፤ ተነክሶም ምንም ሳይሰማው የሚያልፍ ብዙ ነው።

ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ መጉደሉ በእናትሽ ብቻ የደረሰ አይደለም። ቫይታሚኑን በቆዳችን ውስጥ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር በልብስ አያልፍም፤ በመስኮት መስታወትም አያልፍም። የጠቆረ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ሲገፋም ቆዳ የመሥራት አቅሙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በአዳማ አካባቢ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከልጆቹ 42 በመቶው እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከተማ ውስጥ 61.8 በመቶ፣ ገጠር 21.2 በመቶ ነበር። ፀሐዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አኗኗሩ ነው።

እጥረት ከኢንፌክሽን ጋር ግንኙነት የለውም አልልም። በአገራችን ከተሠሩት ሥራዎች እኔ ከልብ የማከብረው ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት አለ። አዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች ይዟቸው የገቡ 500 ሕፃናትን ምች ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጸሩ። ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ) ምች በያዛቸው ሕፃናት ዘንድ የመገኘት ዕድሉ፣ ሌሎች ምክንያቶች ታሳቢ ተደርገውም፣ ከ13 እጥፍ በላይ ነበር። እኛ ሐኪሞች ለእናቶች «ልጁን ፀሐይ አሙቂው» የምንለው ለአጥንቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ጥናት ተምረናል። ግን ልብ በይ፤ እዚያ ላይ ያለው ለወራት የቆየ ከባድ እጥረት ነው፤ የለሰለሰ የጎድን አጥንት ሕፃኑ በደንብ እንዳይተነፍስና እንዳያስል ያደርገዋል። ያንን ወስደን ደንጊ ላይ መለጠፍ አንችልም።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ተሕዋስ ሲያገኙ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ቫይታሚን ዲ ወስደው ራሳቸው ወደሚሠራው መልኩ ይለውጡታል። እሱም ካተሊሲዲን የተባለውን ተሕዋስ ገዳይ ፕሮቲን እንዲያመርቱ ያዛቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የእብጠትና የትኩሳት መልእክተኞች የሆኑት ሳይቶካይኖች ከልክ እንዳያልፉ ያረጋጋል። ስለዚህ ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በኮሎምቢያ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ቀናት በቀን 1,000 ወይም 4,000 ዩኒት ሰጥተው፣ ከደማቸው የተገኙትን ማክሮፌጆች በላቦራቶሪ በደንጊ ቫይረስ በክለዋል። 4,000 ዩኒት የወሰዱት ሰዎች ሴሎች ቫይረሱን ይበልጥ ተቋቁመዋል። ይህ ደስ የሚል ግኝት ነው፤ እኔም በጉጉት አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል ነው። አልጋ ላይ የተኛ ታማሚ ሌላ ነው።

በደንጊ የእናትሽን ሕይወት ለአደጋ ያጋለጠው የመከላከያ አቅም ማነስ ብቻ እንዳይመስልሽ። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረስ አለው። በአንዱ የተያዘ ሰው ለዚያኛው ዘላቂ መከላከያ ያገኛል፤ ለሌሎቹ ግን አያገኝም። ከዓመታት በኋላ በሁለተኛው ዓይነት ሲያዝ አሮጌው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ሳይገድለው ይጣበቅበትና ወደ ማክሮፌጁ ውስጥ መግቢያ ይሆነዋል። በዚህ ጊዜ ሳይቶካይኑ ይጥለቀለቃል፤ የደም ሥር ግድግዳው ይላላል፤ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከደም ሥር ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይፈስሳል። ኩባ ይህን በመራራ መንገድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1977 አንደኛው ዓይነት ገባ፤ በ1981 ሁለተኛው ሲመጣ 158 ሰው ሞተ። ከተማችን ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ከ11 ሺህ በላይ ሰው በደንጊ ተይዞባት ነበር። እናትሽ ያን ጊዜ ትኩሳት ይዟቸው እንደነበር ጠይቂያቸው፤ የአሁኑ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

በታማሚዎች ላይ የተደረጉት የደም ምርመራዎች ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በአንዱ አገር ከባድ ደንጊ የያዛቸው ሰዎች ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በሌላው ከፍ ብሎ። ከዚህ በላይ የሚከብደው ነገር ከባድ ሕመም ራሱ መጠኑን ማውረዱ ነው። ቫይታሚኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚሄደው ፕሮቲን ከፕላዝማው ጋር ይፈስሳል፤ ጉበት ሲጎዳም ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ 11 የበሽታው ምክንያት ሳይሆን የበሽታው ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

ቀጥታ የተሞከረበትም አለ። በአሜሪካ ቫይታሚን ዲ ለጎደላቸው ከ1,000 በላይ ጽኑ ሕሙማን እኩሌታ ያህሉ 540,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ ተሰጣቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ቁጥር አልቀነሰም። ብራዚል ውስጥ ለኮቪድ ሕሙማን 200,000 ተሰጥቶ የሆስፒታል ቆይታቸውን አላሳጠረም። በደንጊም ሆነ ደም በሚያፈስሱት በሌሎቹ የቫይረስ በሽታዎች፣ በማርበርግና በኢቦላ፣ ላይ ቫይታሚን ዲ ሞትን መቀነሱን ያረጋገጠ የሕክምና ሙከራ የለም። ያ ባለሙያ ለእናንተ የተናገረው ቃል ልክ አልነበረም። አንቺም ሆንሽ እናትሽ ያጎደላችሁት ነገር የለም።

እናትሽን ያተረፋቸው በሰዓቱ የተሰጣቸው ፈሳሽና የነርሶቹ ሌሊት ነው። ይህን የምለው በየወረርሽኙ የማየው ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። ሰው ከፋርማሲ ቫይታሚን ይዞ ይወጣና በዚያው የቁርጥማት መርፌ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ይወጋል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ያደማሉ፤ የፕላትሌትን ሥራም ያውካሉ። በደንጊ ወቅት ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ሌላው ትኩሳቱ የሚወርድበት ሰዓት ነው። አደገኛው ምዕራፍ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ውስጥ፣ ሰው ድኛለሁ ሲል ነው። የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መጫጫንና መቁነጥነጥ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ላቦራቶሪ ነኝ (ሐረር)

ዶክተር ያሉት ላይ ከምርመራው በኩል ትንሽ ልጨምር። እህቴ፣ ደሙ የተቀዳው መቼ ነው? ከሆስፒታል በወጡ በጥቂት ቀናት ከሆነ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰጂው። ቢያንስ ሁለትና ሦስት ወር አገግመው ቢደገም ይሻላል። በሚደገምበት ጊዜ ካልሲየምና ክሬአቲኒንም (የኩላሊት መለኪያው) አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቂ፤ ያለ እነሱ ቫይታሚኑ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው።

የመለኪያውን ስያሜም እዪ። አንዳንዱ ማሽን በናኖግራም፣ አንዳንዱ በናኖሞል ያወጣል፤ የናኖሞሉ ቁጥር የናኖግራሙ ሁለት ነጥብ አምስት እጥፍ ነው። 20 ናኖግራም ማለት 50 ናኖሞል ነው። በሁለት ቦታ ተመርምረው «ከ11 ወደ 28 ወጣልኝ» ብለው የሚደሰቱ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ያው አንድ መጠን ነው። ብዙ ባለሙያዎች ከ20 ናኖግራም በታች የሆነውን እጥረት ይሉታል። ከዚህ ቀደም 30 ካልሞላ አይበቃም የሚል መመሪያ አውጥቶ የነበረው የአሜሪካ የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ያን ቁጥር ትቶታል።

የደንጊውን ወረቀትም አትጣይው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ኤን ኤስ ዋን የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ይታያል፤ ከዚያ በኋላ አይ ጂ ኤም የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል። አይ ጂ ጂ የሚባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካልም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ብሎ ከነበረ ሁለተኛ መያዝ መሆኑን የሚጠቁም ነው። ዶክተር ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል።

የመጋላዋ (ድሬዳዋ)

ዶክተር፣ እድሜ ይስጥዎት። ሌሊቱን ለእህቴ ደውዬ ክኒኑን እንደማልሰጣት ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ግን የግፊቱን መድኃኒት ነገር ሳነብላት ዝም አለች። ደሙ የተቀዳው ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው አይ ጂ ጂም ፖዘቲቭ ይላል። እናቴን ስጠይቃት በ2006 ዓ.ም. ከአክስቴ ጋር አንድ ላይ ተኝተው እንደነበር ነገረችኝ፤ ያኔ «አዲሱ በሽታ» ይባል ነበር አለች። እስኪ አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፤ ፀሐይ መሞቅ ካለባት ስንት ሰዓት ላይ? በማለዳ ይሻላል ይሉናል። ውሃውስ? እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ሳናቆይ መኖር አንችልም።

ሐኪም ከከዚራ

የማለዳ ፀሐይ ደስ ይላል፤ ቫይታሚን የሚሠራው ጨረር ግን ያን ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። ጥላቸው ከቁመታቸው ሲያጥር ነው ጨረሩ የሚደርሰው፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ሰው በማያያቸው የግቢ ጥግ ወይም ሰገነት ላይ ክንዳቸውንና እግራቸውን ገልጠው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ በሳምንት ጥቂት ቀን ይበቃል። ውሃ ጠጥተው ይውጡ። ሲደገም አሁንም ዝቅተኛ ከሆነና ካልሲየማቸው ደህና ከሆነ ሐኪማቸው መጠነኛ ክኒን ያዝላቸዋል። ለአጥንታቸውና ለጡንቻቸው ይጠቅማቸዋል፤ ያለ ጥርጥር ይወሰድ እላለሁ።

በርሜሉ ነው ዋናው ነገር። ኤደስ ኢጂፕታይ የምትባለው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ ይበልጡን ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት። ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ሲሆን እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል። ውሃው ሲመለስ ይፈለፈላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን ውስጡን በብሩሽ ጥሩ አድርጋችሁ ፈትጉት፤ አፉን በጥብቅ ጨርቅ እሰሩት። በግቢው ያለ አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ የአበባ ሳህን ሁሉ ይውጣ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ከተማችንን ያጥለቀለቀው ቺኩንጉንያም በዚህችው ትንኝ ነው የመጣው።

ነርስ ከደቡብ

ጥያቄው ከደንጊ ትንሽ ይወጣል፣ ይቅርታ። የምሠራው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ መግባቱ ሲታወጅ እናቴ አልቅሳ ደውላልኝ ቫይታሚን ገዝታ ላከችልኝ። ዋጥኩት፤ እናት ናትና። እኛ የጤና ባለሙያዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ቫይታሚን ዲ መውሰዳችን ጥቅም አለው? ደም የሚያፈስሱት በሽታዎች ሁሉ በመከላከያ በኩል አንድ አይደሉም ወይ?

ሐኪም ከከዚራ

እህቴ፣ ለሥራሽ ትልቅ አክብሮት አለኝ። የማርበርግና የኢቦላ ቫይረሶች መጀመሪያ የሚገቡት እዚያው ማክሮፌጅና መሰሎቹ ሴሎች ውስጥ ነው፤ በዚህ ከደንጊ ጋር ይመሳሰላሉ። ሲገቡ ግን ኢንተርፌሮን የተባለውን የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ዝም ያሰኙታል። ሰውነት ሳያውቅ ቫይረሱ ይባዛል፤ ዘግይቶ ሲያውቅ ሳይቶካይኑ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ደም በየትንንሹ የደም ሥር ይረጋና ደም የሚያረጋው ንጥረ ነገር ያልቃል፤ ጉበት ይጎዳል። ቫይታሚን ዲ የተሟላለት ሰው ይህን ይቋቋማል ብሎ ያሳየ ማስረጃ የለም። ተራ መጠን መውሰድ አይጎዳሽም፤ እናትሽ የላኩትን በመዋጥሽም ክፉ አላደረግሽም። ጓንትና የፊት መከላከያ ሳይኖር ግን ክኒኑን አምነሽ ወደ አልጋው አትቅረቢ።

ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ተመልከቺ። በአንጎላ እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 በማርበርግ ከተያዙት 252 ሰዎች 227 ሞቱ። በሩዋንዳ በ2024 ከ66 ታማሚዎች የሞቱት 15 ናቸው፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ እንዳንቺ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ሩዋንዳ ቶሎ መረመረች፣ ፈሳሽና ኦክስጅን በሰዓቱ ሰጠች፣ መተንፈሻ ማሽን ድረስ ያለ ጽኑ ሕክምና አቀረበች፣ ሬምዴሲቪር የተባለውን የቫይረስ መድኃኒትና ፀረ እንግዳ አካል ሰጠች። እናንተ ባላችሁበት በኦሞ ሸለቆም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ቢጫ ወባ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ለእሱ ዛሬ ክትባት አለ፤ ካልተከተብሽ ተከተቢ። አለቃሽን የምትጠይቂው ከሆነ ቫይታሚን ሳይሆን የመከላከያ ልብስ በበቂ ቁጥር፣ ልብሱን ስታወልቂ አጠገብሽ ቆሞ የሚያይሽ ባልደረባ፣ እና እጅ መታጠቢያ ክሎሪን በየክፍሉ ደጃፍ እንዲኖር ጠይቂ።